የኑግ ዘይትና የሀቢቾ ቅቤ

«ከሩቅ ትየው፤ እንዳትነካው ግን ንገሪያት» አሉ ወይዘሮ እህተማርያም ምራታቸውን አባይነሽን፣ ሴትዮዋ ፊት ለፊታቸው አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ሳለች። «እጇ ቅቤ፣ ራሷ ቅቤ። ልጁ ዛሬ ሜሮን የሚቀባ ነው። ቅባቱ ላይ ሌላ ነገር እንዲነካካበት አልፈልግም።»

አባይነሽ ይህን ለእናቷ አልተረጎመችም። «ደክሞሻልና አረፍ በይ ይሉሻል» አለቻት በሀዲይኛ፣ ዓይኗን ከቀሚሷ ጥልፍ ሳታነሳ። ገነቴ ራሷን ነቀነቀች። አማርኛ መናገር አይሆንላትም እንጂ መስማቱ አያቅታትም። መንደሯ ሀቢቾ ገበያ ከሚወርዱ የቅቤ ነጋዴዎች ጋር ሃያ ዓመት የተከራከረች ሴት ናት፤ ፊቷ ቆመው የሚያወሩባትን ባትሰማ ኖሮ ገና ድሮ ባዶ እጇን በቀረች ነበር። ቢሆንም ልጇ የሰጠቻትን ትርጉም ተቀበለች። ከዋናው የተሻለ ነበር።

ልጇን ካየቻት ዓመት አልፏል። አባይነሽ ለትምህርት ብላ ሆሳዕና ገባች፣ እዚያው ከአውራጃው ፍርድ ቤት ጸሐፊ ጋር ተጋባች፣ ከወንጌላውያን ጸሎት ቤት ወጥታ በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ተጠመቀች። አባቷ ጠና ለወራት ስሟን አልጠራም። ወንድ ልጅ መውለዷ ሲሰማ ግን በማግስቱ «ይኼ ልጅ እንዴት ነው የሚመጣልኝ?» ብሎ ጠየቀ። እግሩ ካበጠ ወዲህ ከበር አልፎ አይሄድም። አባይነሽም ለፋሲካ ልጁን ይዛ እንደምትመጣ በሰው ልካ ነበር፤ ባሏና አማቷ ከፈቀዱ። ገነቴ የመጣችው ያንን ፈቃድ በዓይኗ አይታ፣ የልጅ ልጇን አቅፋ፣ በሀቢቾ ደንብ አናቱን በቅቤ ቀብታ ልትመለስ ነው። በሀቢቾ የእናቱ እናት አናቱን ያልነካችው ሕፃን ገና እንዳልደረሰ እንግዳ ነው የሚታየው። የሠፈር ሰው እንኳ ስሙን ጠርቶ አይጠይቅም፤ «መጣ ወይ?» ነው የሚለው። ቅቤውን በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ፣ በቃጫ አስራ፣ ፀሐይ እንዳያገኘው በነጠላዋ ሸፍና ነው የተጓዘችው። ዋዜማውን ከተማው ዳር ከወንድሟ ልጅ ዘንድ አደረች፤ ቅቤውንም ውኃ ባለው ገንቦ ጥግ ቀዝቃዛ ቦታ ፈልጋ አሳደረችው።

ክፍሉ ባለ ቆርቆሮ ጣሪያ ቤት ሳሎን ነው። ግድግዳው እስከ ጣሪያው ድረስ በጋዜጣ ተለጥፏል፤ ጃንሆይ ከበሩ በላይ በመስታወት ውስጥ ናቸው፤ እመቤታችን በምሥራቁ ማዕዘን ከመጋረጃ ኋላ ናት። የሬዲዮው ቦታ ተጠርጎ ጠረጴዛው ላይ ብርጭቆ ተደርድሯል። ጓዳው በር ላይ ወይዘሮ እህተማርያም ዱካ አስመጥተው ተቀምጠዋል። ልጁ ጓዳ ውስጥ ተኝቷል። አርባ ቀን ሙሉ ለእንግዳ ዓይን አልተሰጠም፤ ዛሬ ከተጠመቀ በኋላ ይታያል። ይህንንም ለገነቴ ሲነግሯት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ቃሉን ቆራርጠው፣ ለመስማት ለተሳነው ሰው እንደሚነገረው አድርገው ነው። «ከ-ቤተ-ክርስ-ቲያን-ስን-መለስ!»

«እሺ» አለች ገነቴ።

ቅቤውን ለልጇ ሰጠቻት። አባይነሽ ተቀብላ፣ ቅጠሉን ከፈት አድርጋ፣ አሸተተችውና ቶሎ ከድና መለሰችላት። ለአንድ አፍታ ፊቷ ላይ የሆነ ነገር መጥቶ ሄደ። እናትየው እጇን ወደ ልጇ ራስ ሰደደች፤ ጸጉሯ ከሱቅ በተገዛ ቫዝሊን ተለስልሶ ተሠርቷል።

«ዛሬ አይሆንም እማ። ሰው ይሸተዋል።»

«ሰው ቢሸተው ምን ይላል?»

«እማ። በእግዚአብሔር። ማድቤት አስቀምጪው።»

ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ሁሉም ወጡ። አክሊሉ፣ የአባይነሽ ባል፣ ከረባት አስሮ ከፊት፤ ወይዘሮ እህተማርያም ልጁን በነጭ ነጠላ ጀቡነው ከመሐል፤ አባይነሽ ጥላ ይዛ ከኋላ። ገነቴ በሩ አጠገብ ቆማ አሳለፈቻቸው። ከጥቅልሉ ውስጥ ያየችው አንድ ተረከዝ ነው፤ ቀይ፣ የተሸበሸበ፣ አውራ ጣት የሚያክል። ቤተ ክርስቲያን አብራ ትሂድ ያላት አልነበረም፤ እሷም አልጠየቀች። አክሊሉ ብቻ ዞር ብሎ፣ በጨዋ ደንብ፣ «ይጫወቱ እንግዲህ እናቴ፣ ብዙ አንቆይም» አላት።

የሚጫወት ሰው የነበረው ማድቤት ነው። የቤቱ ሠራተኛ አስናቀች ከዳምቦያ የመጣች ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ምላሷ ፈጣን፣ እጇ ከምላሷ የባሰ ፈጣን። ገነቴ ሀዲይኛ፣ እሷ ከምባትኛ ሞከሩና የቃላቱ ግማሽ ሲተዋወቅ ግማሹ ሲገፋፋ ወደ አማርኛ ዞሩ።

«ይኸውልዎ» አለች አስናቀች ሽንኩርቱን እያማሰለች፣ «ከምባታና ሀዲያ ማድቤት ተቀምጠው በአማርኛ! የሰማን ሰው ምን ይል?»

«አማርኛ የእኔ ጥሩ አይደለም» አለች ገነቴ።

«የእኔስ ምኑ ጥሩ ነው? እሜቴ ሲቆጡ ብቻ ነው የሚገባኝ።»

ሁለት ትልልቅ ድስቶች ጉልቻ ላይ ነበሩ፤ አንዱ ምስር፣ አንዱ ሽሮ። በጎን፣ ከእጅ መዳፍ ብዙም የማትበልጥ ማሰሮ ለብቻዋ ተቀምጣለች። አስናቀች ከጠርሙስ ዘይት ወደ ምስሩ እያንጠባጠበች ስለ ዋጋው አማረረች። የዘንድሮ ኑግ ዘይት እሳት ነው፤ ጠርሙሱ ብር ከስሙኒ ገብቷል፤ ነጋዴዎቹም ውኃ ይጨምሩበታል። «እሜቴ ግን ማን ያታልላቸዋል? ጠርሙሱን በፀሐይ አንስተው ነው የሚያዩ። ውኃ ከሆነ ታች ይተኛል፣ ለብቻው ይታያል። ዘይት ከውኃ ጋር አይስማማ።» ገነቴ ጥቁሩን ዘይት በጣቷ ጫፍ ቀምሳ ፊቷን አጨማደደች። እሷ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ምጣድ ላይ ቢቀባ እንጂ ሰው አይበላውም። «ይኼን ነው የሚበላው፣ ልጄ?»

«ኧረ እሷስ የራሷ አላት!» አስናቀች ወደ ትንሿ ማሰሮ በአገጯ ጠቆመች። «አራስ አይደለች? የእሷ ለብቻ ነው። እሷንም ልጁንም አርባ ቀን ሙሉ ያጠብኳቸው እኔ ነኝ።»

አስናቀች ዘወር ስትል ገነቴ ማሰሮዋን ከፈተች። ቅቤ አለው። ብዙ አይደለም፣ ግን አለው። ከድና ተቀመጠች። ነገሩን በልቧ ስታገላብጠው ቆየች፤ ያገላበጠችውም እንዲህ ነው። ይህ ቤት ጣሪያው ቆርቆሮ ይሁን እንጂ ቅቤ የለውም። ያለችውን ጥቂት ለወለደችው ሰጥተው፣ አማቲቱ ራሳቸው፣ ባልየውም፣ ይህን የመረረ ጥቁር ዘይት እየበሉ ከርመዋል። ለማን ሲሉ? ለልጇ ሲሉ። ጠዋት «እጇ ቅቤ» ሲሉ የሰማችው ድምፅ ጆሮዋ ላይ ሌላ ሆነ። በዚህ ወራት የቅቤ ነጋዴዎቹ ዋጋ የሚሰብሩት፣ የከተማው ሰው ገንዘብ ጨርሶ መግዛት ሲያቅተው ነው ብላ ታምን ነበር፤ ይኸው ደግሞ በዓይኗ አየችው።

«ከትናንት ማታ ጀምሮ እኮ እህል አልቀመሱም» አለች አስናቀች። «እሜቴ በዚህ በሁዳዴ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ውኃም አይቀምሱ። ከቅዳሴ ሲመለሱ ነው የሚበሉት።»

ጾምን ገነቴ ታውቃለች። ወንጌል ሀቢቾ ሳይደርስ፣ አባቷ በአባቶቹ በፋንዳኖ እምነት ይጾም ነበር። ቀኑን ሙሉ ምራቁን እንኳ አይውጥም። ፀሐይዋ ስትጠልቅ እናቷ ገበታውን አቅርባ በላዩ ላይ የቀለጠ ቅቤ ታንቆረቁራለች፤ ለጾመ ሰው በደረቁ መስጠት ነውር ነው። ልጆቹ በገበታው ዙሪያ ተኮልኩለው ቅቤው ሲወርድ ያያሉ። ጾም ማለት ሰዓት ነው፤ ሰዓቱ ሲያልፍ ያለውን ምርጥ ነገር የሚያወጡበት ነው። ዓሣና ሥጋን፣ ወተትና ቅቤን ለይቶ፣ ከጥቁር ዘይት ጋር ሁለት ወር የሚኖር ጾም መኖሩን ማንም አልነገራትም። ጸሎት ቤት የሚጾሙት በጸሎት ቀን ነው፤ እሱም ሲያበቃ ያገኙትን ይበላሉ። ሀቢቾ ያሉት ጥቂት ነፍጠኞች ምን እንደሚበሉ ደግሞ ገበታቸው ላይ ተቀምጣ አላየች።

አስናቀች ሰፌድና ብርጭቆ ልትዋስ ጎረቤት ሄደች። «እሳቱን ይዩልኝ፣ አሁን መጣሁ» ብላ ነው የሄደችው። ገነቴ እሳቱን አየች። ከዚያ ቅጠሉን ፈታ፣ ቅቤውን ግማሽ በግማሽ ከፈለችው። ግማሹን ለልጁ አናት አስቀረች። ግማሹን ገል ላይ አድርጋ አቀለጠችው፣ አረፋውን ጠረገች፣ ወደ ሁለቱም ድስት አንቆረቆረችው። መጀመሪያ በጥቁሩ ላይ ቢጫ ሆኖ ቆመ። አማሰለችው። ውኃ ቢሆን ኖሮ ይለያል፣ ይንጣጣል፣ ያስታውቃል። ቅቤው ግን ከዘይቱ ጋር ገብቶ ጠፋ፤ ድስቱ ትንሽ አበራ እንጂ ምንም የሚታይ ነገር አልነበረም። ገነቴ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አላት። እጇ በዚህ ቤት ገባ። ድስቶቹን ከደነች፣ እጇን ታጠበች፣ ደግማ በአመድ ፈትጋ ታጠበች። ልጁን ስትቀበል ቅቤ ቅቤ እንዳትላቸው።

እልልታው ከሩቅ ተሰማ። ገቡ። ልጁ በክርስትና አባቱ በአቶ ወንዳፈረው እቅፍ ነው፤ አቶ ወንዳፈረው የአክሊሉ አለቃ ናቸው፣ ፍርድ ቤቱ ውስጥ ማኅተሙ ያለው በእሳቸው እጅ ነው። ከእነሱ ጋር የነፍስ አባታቸው መምሬ ተረፈና ከሠፈሩ አሥር የሚሆኑ ሰዎች ነበሩ። ገነቴ በማድቤቱ በኩል ባለው በር ላይ ቆመች። ልጁ ከአቶ ወንዳፈረው ወደ ወይዘሮ እህተማርያም፣ ከእሳቸው ወደ ጓዳው አለፈ፤ አሁን ተረከዙም አልታየ። አባይነሽ በእናቷ አጠገብ ስታልፍ ገነቴ እጀታዋን ያዝ አደረገቻት።

«ታጥቤያለሁ» አለቻት። «እጄን ሸትተሽ እይ።»

«ቆይ እማ። መጀመሪያ ሰው ይብላ። ከዚያ አመጣልሻለሁ፣ ጭንሽ ላይ አስቀምጥልሻለሁ፤ እሳቸውንም ለምኛቸዋለሁ።» ከዚያ ዝቅ ብላ፦ «ለፋሲካም እሺ ብለዋል። መንገድ ላይ ነገሩኝ።»

ይህን የሰማች ሴት ምን ትሆናለች? ገነቴ ግድግዳውን ተደገፈች።

ማዕዱ ቀረበ። መምሬ ተረፈ ባረኩ። ሽማግሌ ናቸው፣ ቀድሰው ነው የመጡት። አንድ ጎረሱ። ሁለተኛውን ሲያላምጡ አገጫቸው ቀስ አለ። አቶ ወንዳፈረው ሦስት ጉርሻ አድርሰው «አቤት ጣት የሚያስቆረጥም ምስር!» አሉና ሳቁ። የሳቀላቸው የለም። ሽታው ከእንጀራው እንፋሎት ጋር ተነስቶ ክፍሉን ሞልቶ ነበር። ያንን ሽታ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም፤ በዚያ ሳምንት በዚያ ገበታ ላይ ግን የሚጠብቀው ሰው ስላልነበረ፣ ሁሉም መጀመሪያ አፍንጫውን ተጠራጠረ።

«እህቴ ሆይ» አሉ መምሬ ተረፈ በዝግታ፣ «ይሄ ምንድን ነው?»

ወይዘሮ እህተማርያም ቀመሱ። ጉርሻው አፋቸው ውስጥ እንዳለ ቀሩ፤ መዋጥም መትፋትም አልቻሉም። በኋላ በነጠላቸው ጫፍ ተቀብለው አወጡት። እኚህ ሴት ባላቸውን ከመንዝ ተከትለው መጥተው እዚህ የቀበሩ ናቸው። ሦስት ልጅ ሞቶባቸው የቀረው አክሊሉ ብቻ ነው፤ እሱ እንዲቀር ሲታመም የተሳሉት ስለት ጾም ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሁዳዴን፣ ፍልሰታን፣ ረቡዕና ዓርብን አልሻሩም። ርስት የላቸውም፣ ወርቅ የላቸውም። በዚህች ከተማ ያላቸው ንብረት ያ ብቻ ነበር፤ እሱም በልጅ ልጃቸው ክርስትና ቀን፣ በገዛ ማዕዳቸው፣ በነፍስ አባታቸው አፍ ውስጥ ተበላሸ።

«አስናቀች!» አሉ። ጩኸት አልነበረም።

አስናቀች ገባች፣ አሸተተች፣ ክው አለች። ዓይኗ ወደ ድስቱ፣ ከድስቱ ወደ በሩ፣ በሩ ላይ ወደቆመችው ሴት ሄደ። አባይነሽ ግን ቀድማ አውቃለች። የተወለደችበት ቤት ሽታ ነው። ለምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሆነ ሳትጠይቅ፣ ፈጥና ተናገረች፦ «ማሰሮ ተሳስታ ነው። የእኔን ማሰሮ… በእኔ ጭልፋ አማስላው ነው።»

«እኔ?» አለች አስናቀች። «ኧረ በማርያም! ጭልፋው እኮ—»

«ስሟን አትጥሪ!» አሉ ወይዘሮ እህተማርያም። «ጨርቅሽን ሰብስቢና ውጪልኝ። አሁን።»

አስናቀች አፏን ከፈተች፣ ወደ አባይነሽ አየች፣ ዘጋችው። አርባ ቀን ገላዋን ያጠበቻት፣ ሆዷን የቀነተችላት ናት። አባይነሽ መሬት መሬቱን ታያለች። ነገሩ እዚያ ላይ ሊያልቅ ይችል ነበር። ሠራተኛ ትሄዳለች፣ ሠራተኛ ትመጣለች፤ መምሬ ቀኖና ይሰጣሉ፤ ልጁ ከጓዳ ወጥቶ በአያቱ ጭን ላይ ይቀመጣል፤ ለፋሲካ ሀቢቾ ይሄዳል። ገነቴ ይህን ሁሉ ከተናገሩት አማርኛ ውስጥ አንድ ባንድ ሰማችው። ልጇ ልታድናት እንደሆነም ገባት።

«እሷ አይደለም» አለች ከበሩ። «እኔ ነው። እኔ ጨመረ።»

አክሊሉ ዓይኑን ጨፈነ።

«ሆን ብላ ነው» አሉ ወይዘሮ እህተማርያም። «አውቃ ነው። ጾማችንን ልታፈርስ፣ በእኛ ልትስቅ። ጸረ ማርያም እንዳይደሉ አልነገራችሁኝም ነበር? ጠይቂያት። ለምን አደረግሽው በያት!»

አባይነሽ ወደ እናቷ ዞረች። ገነቴ በሀዲይኛ መናገር ጀመረች፤ ረጅም ተናገረች። ስለ አባቷ ጾም ተናገረች፤ እናቷ ፀሐይ ስትጠልቅ ስለምታንቆረቁረው ቅቤ፣ ለጾመ ሰው በደረቁ መስጠት ነውር ስለመሆኑ። ትንሿን ማሰሮ ከፍታ እንዳየቻት ተናገረች። «እኚህ ሴት ያለቻቸውን ለአንቺ ሰጥተው እነሱ ጥቁር ዘይት ሲበሉ አየሁ። ልቤ ተነካ። የማመሰግንበት አማርኛ የለኝም፤ ያለኝ ቅቤ ነው፤ ለልጁ ካመጣሁት ላይ ግማሹን አደረግሁላቸው። በያቸው። እንዲህ ብለሽ ንገሪያቸው።» እንግዶቹ አፍ አፏን ያያሉ።

አባይነሽ ወደ እንግዶቹ ዞረች።

«አላወቅሁም ነው የምትለው» አለች።

«ያን ሁሉ ተናግራ?» አሉ አንዲት ጎረቤት።

«ሌላ ነገር የለውም። አላወቅሁም ነው።»

ገነቴ ይህንንም ሰማች። የጠዋቱ ትርጉም ከዋናው የተሻለ ነበር፤ ይሄኛው ግን ምንም አልነበረውም። ወደ ወይዘሮ እህተማርያም አንድ እርምጃ ተራመደችና በራሷ አማርኛ ሞከረች። «አንቺ… ለልጄ… አንቺ ጥሩ… ቅቤ…» ከእንግዶቹ አንዱ «አንቺ አለቻቸው እኮ!» ብሎ በአፍንጫው ሳቀ። ገነቴ ቆመች። ከዚያ በላይ የሚሄድ ቃል አልነበራትም።

መምሬ ተረፈ ተነሡ። «ሳያውቁ የበሉት ነው፤ እግዚአብሔር ያውቃል» አሉ። «ነገ ኑና ቀኖናችሁን ተቀበሉ።» ይህ ደግነት ነበር፣ ግን ማዕዱን ሳያሳርጉ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። አቶ ወንዳፈረው እጃቸውን ደጋግመው ታጠቡና «አይዞህ፣ ይረሳል» ብለው የአክሊሉን ትከሻ መታ መታ አደረጉ፤ ባይበሳጩም ሳያመሰግኑ ሄዱ። ጎረቤቶቹም ተከተሉ። ወይዘሮ እህተማርያም ዱካቸው ላይ ተቀምጠው ድምፅ ሳያወጡ አለቀሱ። ሲያለቅሱ ትንሽ ሴት ናቸው።

አክሊሉ ገነቴን እስከ ግቢው በር ሸኛት። ቢሮ ውስጥ ባለጉዳይ ሲመልስ የሚናገርበት ለስላሳ ድምፅ አለው። «እናቴ፣ ለጊዜው ባይመጡ ይሻላል። እናታችን እስኪረጋጉ።»

«ፋሲካ?» አለችው ገነቴ።

«ፋሲካ አይሆንም።»

«ልጁን… አሁን? ትንሽ?»

መሬቱን አየ። «አሁን አይሆንም እናቴ። ይረዱኝ።» ገባ።

ቀጥላ የወጣችው አባይነሽ ናት፤ የቀረውን ግማሽ ቅቤ በቅጠሉ ጠቅልላ ይዛለች። ለእናቷ አስጨበጠቻት። ፊቷ ተቆጥቷል፤ እንባም ነበረው፤ የትኛው እንደቀደመ አይታወቅም።

«ለምን ዝም አላልሽም?» አለቻት። «ጨርሼው ነበር እኮ! ለአንቺ ብዬ ነበር። እሷ ሌላ ቤት ታገኛለች። አንቺ ሌላ የልጅ ልጅ አለሽ?»

«የልጁ ሰውነት ላይ የእሷ እጅ ነው ያለው» አለች ገነቴ። «አርባ ቀን አጥባዋለች።»

«ታድያ እሷን አዳንሻት? እሜቴ ድስቱን ጥለሽ ሄድሽ ብለው እሷንም አስወጥተዋታል። ይኸው። ማንን ጠቀምሽ?»

ገነቴ ቅቤውን በነጠላዋ ሸፈነችው። «የነገርኩሽን ለምን አልነገርሻቸውም?» አለች።

ከቤት ውስጥ ሕፃኑ ማልቀስ ጀመረ፣ የአባይነሽም ወተት ሲወርድ በቀሚሷ ላይ ታየ። «ቅቤ የላቸውም መስሏት አዝና ነው ልበላቸው?» አለች። «ለእነሱ? በሰው ፊት? ከዚህ የከፋ ምን ስድብ አለ እማ?» ዘወር አለች። በሩ ላይ ሳትዞር «እኔ እመጣለሁ። አንቺ አትምጪ» አለች። መቼ እንደሆነ አልተናገረችም። የሕፃኑ ለቅሶ ጥቂት ቆይቶ አቆመ።

አስናቀች ጥቅልሏን በራሷ ላይ አድርጋ ከግቢው ስትወጣ ገነቴ እዚያው ቆማ ነበር። የሁለቱም መንገድ እስከ ከተማው ዳር አንድ ነው። አስናቀች እዚያ የምታድርበት ዘመድ አላት። አቧራው ላይ ጎን ለጎን ሄዱ። ባሕር ዛፎቹን አለፉ።

«ምን አስቸኮለዎት?» አለች አስናቀች። «ዝም ቢሉ እኔ ብቻ ነበርኩ የምወጣው። አሁን ሁለት ሆነን ወጣን። አዳኜ!»

ገነቴ አልሳቀችም። ጥቂት ሄዳ ጠየቀች። «ልጁ… ምን ይመስላል?»

አስናቀች ቆም ብላ አየቻት። «አላዩትም?»

«እግሩን አየ እኔ። ትንሽ።»

አስናቀች ጥቅልሏን ከራሷ አወረደችና በጎኗ ያዘችው። ከዚያ መንገዱን ሁሉ ስትነግራት ሄደች። ግንባሩ ሰፊ ነው። ቅንድብ የለውም፣ ያለበትን ቦታ ግን እንደ ሽማግሌ ይቋጥራል። ከግራ ጆሮው ፊት የመርፌ ቀዳዳ የመሰለች ምልክት አለችው። ሲጠባ አንድ እጁን ያነሳል፤ አንድ ሰው ቃል የሚያስገባ ይመስላል። ሲያጥቡት አይጮህም፣ ሲያወጡት ነው የሚጮኸው። ገነቴ አንዳንዱን አማርኛ ሳትረዳ ስትቀር ታስደግማታለች። «ጆሮ… የቱ?» «ግራ። ይሄኛው።» አስናቀች የራሷን ጆሮ ነካች፤ ገነቴም የራሷን ነካች። ሰፊ ግንባር ያለው ጠና ነው፤ ጠና ወጣት ሳለ።

ከተማው ዳር ሲደርሱ ከሀቢቾ ጸሎት ቤት የሚያውቋት ሁለት ሴቶች ከገበያ ሲመለሱ አገኟቸው። ባዶ ቅላቸውን አንጠልጥለው እየሳቁ ነው የመጡት። በሀዲይኛ ጮሁ።

«አያት! መጣ ወይ?»

«መጣ» አለች ገነቴ።

«እስቲ ንገሪን! ማንን መሰለ፣ እኛን ወይስ አማሮቹን?»

«ጠናን» አለች። «ግንባሩ ሰፊ ነው። ቅንድብ የለውም፣ ግን ይቋጥረዋል። እዚህ ጋ፣ ከግራ ጆሮው ፊት፣ ምልክት አለው። ሲጠባ እጁን ያነሳል።» እጇን አንስታ አሳየቻቸው። ሴቶቹ ተንጫጩ፣ እግዚአብሔር ይመስገን አሉ፣ ጠና ይህን ሲሰማ ባበጠ እግሩ ሊዘል ነው አሉ።

«ሲያቅፉት ከባድ ነው?» አለች አንደኛዋ።

ገነቴ አፏን ከፈተች። ይህንን አልጠየቀችም ነበር። እጆቿ ደረቷ ላይ ተገናኝተው፣ የሚይዙት ነገር ሳይኖር፣ የቱን ያህል እንደሚከብድ የሚለኩ ይመስል ቆሙ።

አስናቀች ሀዲይኛና ከምባትኛ በተቀላቀለ አፍ ጣልቃ ገባች።

«ከባድ ነው እንጂ» አለች። «ደግሞ አልለቅም አለች። እሷ ናት እስካሁን ያስመሸችን።»